ወደ ሱቄ ያስገባሁት በሬ

እስካሁን ሳስበው ክው ነው የምለው። እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም። ቁጡ ነኝ፤ አፌም ከእኔ ይቀድማል፤ ክፋት ግን የለብኝም። ታዲያ አንድ ጤነኛ ገበሬ በገዛ አእምሮው እንዲጠራጠር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ስልኬ ላይ አንዲት ምልክት ነክቼ!

ወረታ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ካሜራዬን የገዛሁት ያገለገለውን ነው፤ ሻሽና ድሪያ እያነሳሁ ለደንበኞቼ በስልክ ልልክበት። ከዚያ ሱስ ሆነብኝ። ሱቅ ሳልከፍት በማለዳ በባጃጅ ወደ ሩዙ ሜዳ እወጣለሁ። በሩዝ ዘለላ ላይ ያለች አንዲት የጤዛ ጠብታ በቅርብ ላነሳ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ቀሚሴን አበላሽቻለሁ። ወፍጮ ቤት ደጅ ነፋስ የሩዝ ገለባ ሲበትን እንደ ጭስ ይወጣልኝ እንደሆነ ብዬ ስሞክር ዓይኔ በገለባ ተሞልቶ አልቅሻለሁ። መቶ አንስቼ ዘጠናውን እሰርዛለሁ። ባለቤቴ፣ “የሰው ሚስት ሱቅ ከፍታ ትነግዳለች፣ የእኔዋ ሩዝ ታሽኮረምማለች” እያለ ይሥቅብኛል። ይሣቅ!

አንድ ቀን በሰኔ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ አገኘሁ። የሱቄ ደንበኛ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ ጨርቅ ሲገዛ የማይከራከር ሰው። ሁለት በሬ ጠምዷል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡሬ። ቡሬው ጎኑ ላይ ሰፌድ የሚያህል ነጭ አለው።

“አንሺን እንጂ እትዬ!” አለኝ። “ይኼን ቡሬ ታይዋለሽ? እናቱ ሞታበት በእጄ ወተት እያጠጣሁ ያሳደግሁት ነው። ከልጆቼ ለይቼ አላየውም።”

አነሳሁት። ከመቶው አንዷ እንዲያ ወጣች ማለት ነው! ጭቃው ሲፈናጠር፣ ጅራፉ አየር ላይ ሲጠመዘዝ፣ ቡሬው አንገቱን ደፍቶ ሲጎትት። በትልቁ አሳትሜ ሱቄ ውስጥ ልሰቅላት ቆረጥሁ። ታዲያ ከማሳተሜ በፊት ግድግዳውን ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። በሩ ከግድግዳው በስተቀኝ ነው፤ በሬዎቹም ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት። ከሱቄ ሊወጡ! ነጋዴ ነኛ፣ ሲሳይ እየጎተቱ ሲወጡ መሰለኝ። ስልኬ ላይ ፎቶን እንደ መስታወት የምትገለብጥ ምልክት አለች፤ ነካኋት። በሬዎቹ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። “እንዲያ ነው እንጂ!” አልኩና ሁለት አሳተምሁ፤ አንዱን ለሱቄ፣ አንዱን በመስታወት አስገጥሜ ለገበሬው።

ሊወስድ ሲመጣ ሚስቱ አብራው ነበረች። ፎቶውን ትክ ብላ አየችና፣ “ምነው እንግዳ ሰው መሰልክብኝ?” አለችው።

“ካሜራ ነዋ፣ ያሳምራል” አለ፤ ሦስታችንም ሣቅን። እኔማ መገልበጤን በሳምንቱ ረስቼዋለሁ።

በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ከብቱ እየዋኘ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ውኃው ሲሸሽ ብዙው ተመለሰ፣ የገበሬው ቡሬ ግን የለም። ሰውየው ሲፈልግ ከረመ። ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ሲታጨድ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ መንደር አንድ ሰው ቤት ታስሮ አገኘው። የሐይቅ ዳሩ ሰው ደግሞ “የእኔ ነው” አለ። እሱም በዚያው ጎርፍ ቡሬ ጠፍቶበት ነበርና ውኃው የመለሰለት የራሱ በሬ መስሎታል። ሌባ አልነበረም። የፎገራ ቡሬ እንደሆነ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ።

ገበሬው ሱቄ መጣ። “እትዬ፣ ያለ በሬ ጓያዬን መዝራት አልቻልሁም። ምስክሬ አንቺ ነሽ። ፎቶውን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንቺ ‘ያነሳሁት እኔ ነኝ’ በይልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።”

እንዴት አልሄድ! አዲስ ሻሽ አስሬ፣ ካሜራዬን አንግቼ ሄድሁ። ሽማግሌዎቹ ከዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ በሬው እዚያው ታስሯል። ታላቁ ሽማግሌ ገበሬውን ጠየቁት።

“የበሬህ ነጭ በየትኛው ጎኑ ነው?”

“በቀኝ።”

“በየት በኩል ትጠምደዋለህ?”

“በቀኝ፣ አባቴ። አንድ ቀን በግራ ጠምጄው አላውቅም።”

በእኛ አገር በሬ ጎን አለው፤ በቀኝ የለመደ በግራ አልጠመድም ብሎ ያስቸግራል። የታሰረው በሬም ነጩ በቀኝ ጎኑ ነበር። ሰውየው ደስ ብሎት ፎቶውን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ሰጣቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለሌሎቹ አቀበሉ፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ተያየ።

“እዚህ ላይ ያለው በሬ በግራ ነው የተጠመደው። ነጩም በግራ ጎኑ ነው። ልጄ፣ ይኼ ፎቶ እኮ ‘በሬህ ሌላ ነው’ ነው የሚል።”

ሰውየው ፎቶውን ተቀብሎ አየው። ቀና ብሎ በሬውን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ።

ሽማግሌው ግን ብልህ ናቸው፤ “እስቲ ቀንበር አምጡና ጠምደን እንየው። በሬ ቦታውን ያውቃል” አሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ምላሴን በቆረጠው! ፎቶዬን የተጠራጠሩብኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። “አባባ፣ ፎቶው እያለ ምን ልፋት ያስፈልጋል?” አልሁ። “በዚህ ካሜራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰው ይዋሻል፤ ካሜራ አይዋሽም!”

ሽማግሌዎቹ ቀንበሩን ተዉት። ከዚያ በሬው ለሐይቅ ዳሩ ሰው ተፈረደ። አንዱ ሽማግሌ ገበሬውን፣ “ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይቀለድም” ብለው ገሠጹት። እሱ አልተቆጣም፣ አልማለም። ቀኝ እጁን እያየ፣ “በቀኝ ነበር እኮ እምጠምደው…” አለ ቀስ ብሎ። “ወይስ… ኧረ እኔ እንጃ።”

እኔ ደግሞ አላፍርም፣ ተናድጄ ነው የተመለስሁት። በእኔ ፎቶ ሊያጭበረብር! ለባለቤቴ ስንት ቀን አማሁት። ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ረፋድ ባለቤቴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሲያይ፣ “ሰውየው ጅራፉን በግራ እጁ ነው እንዴ እሚይዝ?” አለኝ።

“ምን በግራ? ብር ሲቆጥር በቀኝ፣ ሲሰናበት በቀኝ!” ብዬ ዞር አልሁ።

ጅራፉ በግራ እጁ ነው።

ያ ረቢ! ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። የስልኬ ምልክት፣ የሱቄ በር፣ ሲሳዬ፣ ሁሉም ባንዴ መጣልኝ። ካሜራዬን ከፍቼ የመጀመሪያውን ፎቶ ፈለግሁ፤ ቸኩዬ ሦስት ጊዜ አለፍሁት። አገኘሁት። ጅራፉ በቀኝ እጁ። ቡሬው በቀኝ። ነጩም በቀኝ። ያ ሰው ከተናገረው አንዲት ነገር አላጠፋም ነበር። ውሸታሟ እኔ ነበርሁ፤ ከነካሜራዬ።

“ምን ሆንሽ?” አለኝ ባለቤቴ።

“ሰው ገደልሁ” አልሁት።

በማግስቱ በማለዳ ሽማግሌው ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ልጄ” አሉ። “ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እኔም ከበሬው ወረቀቱን አመንሁ። በይ ተነሽ።”

ሰው ልከው የሐይቅ ዳሩን ሰው ከነበሬው አስመጡት። ገበሬው ለጊዜው የለም ተባለና አንድ ጎረቤቱ ቀይ በሬውን አመጣ። ቀንበሩ ቀረበና ቡሬውን በግራ ሊያስገቡት ሳቡት። እምቢ አለ። ሁለት ሰው ገፋው፤ እግሩን ተክሎ ቆመ። “ልቀቁት እስቲ” አሉ ሽማግሌው። ለቀቁት። ቡሬው ከኋላ ዞሮ በቀኝ በኩል መጣና ማንም ሳይነካው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀንበሩን ጠበቀ።

“ኧረ ጉድ!” አለ የቆመው ሁሉ። የሐይቅ ዳሩ ሰው ገመዱን ለሽማግሌው ሰጠና፣ “የእኔው በግራ ነበር እሚሄድ። ማሳዬን ውኃ ይዞት ከጎርፉ ወዲህ ጠምጄው አላውቅም። ወስዳችሁ ለባለቤቱ ስጡልኝ” አለ። ካሜራው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ማንሳት ትዝም አላለኝ።

በሬውን እየነዳን ገበሬው ቤት ደረስን። ይቆጣኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ሚስቱ ብቻዋን ወጣች። በሬውን አይታ እልል አላለችም።

“እሱስ?” አልኋት።

“የለም። ጣራ ገዳም ጠበል ገብቷል” አለችኝ።

“ምን አመመው?”

“‘አእምሮዬ ተነክቷል’ አለኛ። ከሽማግሌ ፊት ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ‘በእጄ ያሳደግሁትን በሬ ግራና ቀኙን ካላወቅሁ ሌላውን በምን አውቃለሁ?’ ይላል። የልጆቹን ስም ይጠይቀኛል። ‘ቤታችን በሩ ድሮም በዚህ በኩል ነበር?’ ይለኛል። እንዲህ ሲሆን እኔስ ወዴት ልግባ?”

እኔ በሬ ያሳጣሁት መስሎኝ ነበር እኮ! በዚያው ቀን እሷን ይዤ መኪና ተሳፈርሁ። ጣራ ገዳም ስንደርስ እኔ ከደጅ ቆየሁ፤ እሷ ገብታ ይዛው መጣች። ራሱን ተላጭቷል፣ ጋቢው ርሷል፣ ከስቷል። እኔን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ፤ እሱ አፍሮ! “በፎቶሽ አሳፈርሁሽ እትዬ፣ ይቅር በይኝ” አለኝ።

ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ስልኬን አወጣሁና ፊት ለፊቱ ምልክቷን ነካሁለት፤ በሬው ዞረ። ደግሜ ነካሁ፤ ተመለሰ። “ያሰብኸው ሁሉ ልክ ነበር” አልሁት። “የገለበጥሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹም አውቀዋል። ቡሬህ ቤትህ ታስሯል።”

ስለ በሬው አልጠየቀኝም። ቀኝ እጁን አንሥቶ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ግራውን።

“እና እኔ ደህና ነኝ ማለት ነው?” አለኝ።

“ደህና ነህ።”

“እስቲ ድገሚልኝ።”

ደገምሁለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ የመለሰችለት ሚስቱ ናት።