ባልደረባ፣ የቅርጫው ዘበኛ

አቶ መኩሪያ በዕድሜያቸው ሙሉ ለራሳቸው ብለው ወደ ቤት ያመጡት ነገር አንድ ውሻ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከአልጋው ጀምሮ እስከ ግድግዳ ሰዓቱ ድረስ፣ ወይ በባለቤታቸው በወይዘሮ እንቁ ምርጫ የተገዛ፣ ወይ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው የሸለማቸው ነበር። በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እስኪሸብቱ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት እርሳስ እንኳ በኪሳቸው ይዘው አልወጡም። ዋሽተውም አያውቁም። ይህ ግን ከቅድስና የመጣ አልነበረም፤ ለመዋሸት በሞከሩ ቁጥር ሳል ስለሚይዛቸው ነገሩን ገና በወጣትነታቸው ትተውት ነው።

ውሻውን ያገኙት ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ታክሲ ከሚጠብቁበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። በዚያ አንድ ሥጋ ቤት ነበር። ውሻው በሥጋ ቤቱ ደጃፍ አድጎ በሥጋ ቤቱ ደጃፍ ጎልምሷል። ከገና በኋላ ሕንፃው ፈረሰ፤ ባለሥጋ ቤቱም ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ውሻው ግን ፊቱን ወደሌለው በር አዙሮ መቀመጡን ቀጠለ። አቶ መኩሪያ ይህን የሥራ ሰዓት አክባሪነት በአድናቆት ሲመለከቱ ሰነበቱ። አንድ ቀን ፍርስራሽ የሚጭን መኪና ወደ ኋላ ሲመጣበት እንኳ ከቦታው ንቅንቅ አለማለቱን ባዩ ጊዜ ግን ልባቸው አልቻለም፤ መንገዱን ተሻግረው በአንገቱ ጎትተው አወጡት። ከዚያ በኋላ ትቶ መሄድ የሚቻል አልመሰላቸውም።

«አባት፣ እሱ ሰውዬ ይቀመጣል ወይስ ይቆማል?» ሲል የታክሲው ረዳት ጠየቃቸው።

«ይቀመጣል» አሉ አቶ መኩሪያ። «ባልደረባዬ ነው።»

ስሙም በዚያው ባልደረባ ሆኖ ቀረ።

ቤታቸው ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወይዘሮ እንቁ በሩን ከፍተው ባላቸውን አዩ፤ ቀጥሎም ወደ ታች አዩ።

«መኩሪያ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው።»

«ውሻ መሆኑንማ አየሁ። ምን ሊያደርግ መጣ?»

አቶ መኩሪያ ጎንበስ አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ውሻውም ተከትሏቸው ገባ።

በማግስቱ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ፈለቀች መጡ። ወይዘሮ ፈለቀች ስለ ደንብ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ደንቡ ራሱ ይጮህላቸዋል።

«ጋሼ መኩሪያ፣ ፎቅ ላይ እንስሳ አይፈቀድም። ለበዓል የሚታረድ ከሆነ ግን እስከ በዓሉ ሊሰነብት ይችላል። ይታረዳል?»

«አይታረድም።»

«እንግዲያው አይፈቀድም።»

አቶ መኩሪያ ደንብ ተላልፈው ስለማያውቁ ምን እንደሚባል ጨነቃቸው። ወይዘሮ ፈለቀች የሰውየውን ፊት አይተው ራሩ፤ የበዓሉንም አንቀጽ ትንሽ ለጠጥ አድርገው ውሻው እስከ ፋሲካ እንዲቆይ ፈቀዱ። ከፋሲካ በኋላ ግን ይወጣል። አቶ መኩሪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋሲካን መፍራት ጀመሩ፤ በክርስቲያን ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነው።

ባልደረባ ጨዋ ውሻ ሆነ። አይጮኽም፣ ወንበር ላይ አይወጣም፣ ምንጣፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አንድ ረቡዕ ወይዘሮ እንቁ ከትናንት የተረፈ አጥንት ከፍሪጅ አውጥተው ጣሉለት። አሸተተ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐሙስ ዕለት ወጥ ሲሠራ የተሰጠውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ በላ። ዓርብ እንደገና ፊቱን አዞረ። በቀጣዩ ሳምንትም እንዲሁ ሆነ።

«መኩሪያ» አሉ ወይዘሮ እንቁ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ውሻ ይጾማል።»

ወሬው በደረጃው ወረደ። ወይዘሮ ፈለቀች ጉዳዩን ራሳቸው ሊያጣሩ ዓርብ ቀን ቋንጣ በወረቀት ጠቅልለው መጡ። ባልደረባ ቋንጣውን አየ፤ ወይዘሮ ፈለቀችንም አየ፤ ተነሥቶ ወደ በረንዳ ሄደ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያም በበረንዳው ጎንበስ ብለው ወደ ታች ተጣሩ።

«ሃይለኣብ! አንተ ሃይለኣብ! ና ተመልከት፣ ውሻ እንኳ ይጾማል!»

ሃይለኣብ ባላቸው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ከጾም ጋር ግን ተስማምቶ አያውቅም። ከዚያን ዕለት ወዲህ የባልደረባ ስም ከቁርሱ ጋር ይቀርብለት ጀመር። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ውሻውን ከላይ እስከ ታች ገርምሞ፣ «አንተ፣ ትዳሬን በላህ እኮ» ይለው ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ባልደረባ የቀረበለትን ሁሉ ተወ፤ ዳቦውንም፣ ፍትፍቱንም። ጎረቤቶች «ባሕታዊ ሆነ» ብለው ተደነቁ። አቶ መኩሪያ ግን የጎድን አጥንቱ መታየት ሲጀምር እንቅልፍ አጡ። አንድ ማለዳ፣ ወይዘሮ እንቁ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ የደረቀ ዳቦ ሊቆርጡ ፈለጉና ቢላው ደነዘባቸው። ሌላ ቢላ አነሡና ሁለቱን እርስ በርስ አፋጩ። ባልደረባ ከምንጣፉ ተፈናጥሮ መጣ፤ እግራቸው ሥር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ለሃጩ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ዳቦውን በላ፤ ሽሮውን ላሰ፤ የድስቱን ክዳን ሳይቀር አጸዳ።

አቶ መኩሪያ ሁለቱን ቢላ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ነገሩ ተገለጠላቸው። ታክሲ ሲጠብቁ እንዳዩት፣ ባለሥጋ ቤቱ በየጠዋቱ ቢላውን አፋጭቶ ሥጋ ሲቆርጥ ለውሻው ቁራጭ ይጥልለት ነበር። ባልደረባ ያ ድምፅ ሳይሰማ የቀረበ ምግብ ሁሉ የሰው ንብረት እንደሆነ ያምናል። ወይዘሮ እንቁም ቢላቸውን የሚያፋጩት ሥጋ በሚሠሩበት ቀን ብቻ ነው። ውሻው ረቡዕንም ዓርብንም አያውቅም።

ይህን ቢናገሩ የባልደረባ ክብር በዚያው ቀን ያበቃል። ደግሞም ወይዘሮ ፈለቀች ሰሞኑን «እንዲህ ያለውን ፍጡር እንዴት እናስወጣዋለን?» ማለት ጀምረዋል። አቶ መኩሪያ ጉዳዩን መርምረው፣ ሰው ካልጠየቀ ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ከሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። የሚያበሉትም ዳቦና ሽሮ ስለሆነ ውሻው በተግባር እየጾመ ነው። እናም በየማለዳው ሁለቱን ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ የሽሮውን ሳህን ከኮታቸው ሥር ደብቀው፣ ባልደረባን አስከትለው ከብሎኩ የውሃ ታንከር ጀርባ ይሄዱ ጀመር።

አንድ ማለዳ ሃይለኣብ ከታንከሩ ጀርባ የሚሰማውን የብረት ድምፅ ተከትሎ ብቅ አለ። የተከበሩት ሽማግሌ በግራና በቀኝ ቢላ ይዘው ውሻው ፊት ቆመዋል።

«ጋሼ መኩሪያ… በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው» አሉና ሳላቸው ተነሣ።

ሃይለኣብ ሌላ አልጠየቀም። ዓይኑን ከቢላዎቹ ሳይነቅል ወደ ኋላው እየተራመደ ሄደ። ሌሎች ግን ይጠይቁ ነበር። «እውነት ምንም አይቀምስም?» ሲሏቸው አቶ መኩሪያ እስኪያነቡ ድረስ ያስላሉ። ሰዎቹም ዕንባውን አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ቀዳም ሥዑር ደረሰ። የብሎኩ ነዋሪዎች እንደ ወትሮው ለቅርጫ በሬ ገዝተዋል። አራጁና አከፋፋዩ አባባ ሞሲሳ ናቸው፤ ብሎኩ የቆመበት መሬት እርሻ በነበረ ጊዜ እዚያው ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ። አስቸጋሪው ነገር ሥጋው የሚደለደለው ጾሙ ከመፈታቱ በፊት መሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት ጉበቱ ጠፍቶ ሁሉም ሃይለኣብን አይቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ወይዘሮ ፈለቀች መፍትሔ አግኝተዋል።

«ሥጋውን የሚጠብቀው ባልደረባ ነው» ሲሉ ለተሰበሰበው ሰው አስታወቁ። «ከእሱ ሌላ የማምነው የለም።»

አቶ መኩሪያ ሰዉን እየገፉ ቀረቡ።

«ወይዘሮ ፈለቀች፣ ይህ አይሆንም። እሱ ውሻ ነው።»

«ትሕትናዎ ነው፣ ጋሼ።»

«ትሕትና አይደለም! ቢላ ሲፋጭ…»

«ቢላና ጾም ምን አገናኛቸው? ይልቅ ገመድ ይፈልጉ።»

ገመዱ ተገኘ። ባልደረባ ከጋራ ማረጃው ምሰሶ ጋር ታስሮ፣ ቅጠል ላይ ከተደረደሩት የሥጋ መደቦች አጠገብ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሥጋው ፊቱ ነው፤ እሱ ግን አድማስ አድማሱን ያያል። ሰዎች በስልካቸው ፎቶ አነሡት። ሃይለኣብ ጉበቱን በሩቁ ተመልክቶ ተነፈሰ። ሁሉም ነገር በሥርዓት ሄዶ ሊያልቅ አንድ ጅማት ብቻ ሲቀር አባባ ሞሲሳ ቢላቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ደነዘብኝ» አሉና ሌላ ቢላ አነሡ።

«አባባ ሞሲሳ! እንዳያፋጩት!» አሉ አቶ መኩሪያ።

ቢላዎቹ አንድ ጊዜ ተፋጩ። ገመዱ ተበጠሰ። ባልደረባ ቅርቡ ካለው መደብ ላይ ወጣና ከዳር ጀምሮ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ በላ። የሚያስቆመው ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም በድንጋጤ ደርቆ ነበር። ከቅጠሉ በቀር የቀረ አልነበረም።

መጀመሪያ የተናገረው ሃይለኣብ ነው። ፊቱ እንደዚያ በርቶ ታይቶ አያውቅም።

«ገደፈ! ጎበዝ፣ ገደፈ!»

አቶ መኩሪያ ወደ መካከል ወጡ። ከሥጋ ቤቱ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳይደብቁ፣ አንድ ጊዜም ሳያስላቸው ተናገሩ። ነገር ግን ሳል የሌለበት ንግግራቸው ለሰሚዎቹ እንግዳ ስለሆነ ማንም አላመናቸውም። «ደንግጠው ነው» ተባባሉ።

«የተበላው መደብ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አልወስድም።»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች። ድምፃቸው ቀዝቅዟል፤ ስለ ውሻው መውጣትም አስበው የጨረሱ ይመስላሉ። «ዕጣ ሳይወጣ የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነውን የእኔ ነው ማለት አይችሉም።»

አቶ መኩሪያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በንብረት ክፍል ሲያስተምሩት የኖሩት ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ባዶው ቅጠል እንደ መደብ ተቆጥሮ ዕጣ ወጣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ ነገር ሰጠ፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የጠርሙስ ክዳን፣ አቶ መኩሪያ የእስክሪብቶ ክዳን። ማን ምን እንደሰጠ ያላዩት አባባ ሞሲሳ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ እየጣሉ ሄዱ። ባዶው ቅጠል ላይ ያረፈው የእስክሪብቶው ክዳን ነበር።

ሰው ሁሉ ቅጠሉን ከበበ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት፣ «የራሱን ነው የበላው!» አለች።

«የጌታውን መደብ ለይቶ!» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች እያማተቡ። «ገና ዕጣው ሳይወጣ!»

«አጋጣሚ ነው!» ብለው አቶ መኩሪያ ጮኹ። «ቅርቡ ያገኘውን ነው የበላው! ቢላው ነው!»

«ጋሼ፣ ይተዉት እንጂ» አለ ሃይለኣብ ባርኔጣውን አውልቆ። «እኔ ሰው ሆኜ የራሴንና የሰውን ለይቼ አላውቅም።»

ወይዘሮ ፈለቀች በዚያው ቆመው ውሳኔ ሰጡ። ጾም መግደፉ የነፍሱ ጉዳይ ነው፤ የሰው ንብረት አለመንካቱ ግን የብሎኩ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ባልደረባ ከፋሲካ በኋላም ይኖራል። ጭብጨባው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ባልደረባ በዚያ መካከል ቅጠሉን እየላሰ ነበር።

በፋሲካ ጠዋት የአቶ መኩሪያ ቤት ከዶሮው በቀር ሥጋ አልነበረውም። አቶ መኩሪያ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«እንቁ፣ ትናንት የተናገርሁት እውነት ነው። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«ዓቢይ ጾሙን ሙሉ የሥጋ ቢላዬ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ሳገኘው ምን የመሰለኝ ይመስልሃል?» አሉ ወይዘሮ እንቁ ዞር ሳይሉ። «ሽሮዬስ በየቀኑ እየጎደለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ሊያደርግ መጣ ብዬ ጠይቄህ ነበር። አልመለስክልኝም። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።»

አቶ መኩሪያ ወለሉን አዩ።

«ለእኔ ነው ያመጣሁት» አሉ። «ሌላ ምክንያት የለውም። ለራሴ ፈልጌው ነው።»

ወይዘሮ እንቁ ጥቂት ጠበቁ። ሳል አልመጣም። ከዚያ ሁለት ቢላ ከመሳቢያው አነሡና አፋጩ። ባልደረባ ከበረንዳው እየሮጠ ገብቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አቶ መኩሪያም ሳይታወቃቸው ወንበራቸውን ስበው ከጎኑ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።