የኔቬና አርባ ዘጠኝ

በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ እንደ እኔ ቁጥር የሰለቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። የኢንስቲትዩታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። አንድ ተመራማሪ እድገት ሲጠይቅ ሥራውን ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ እንደጠቀሰለት ቆጥሬ በማኅተም የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቆጥሬያለሁ፤ እንደ ኔቬና ትሪፎኖቫ ፋይል ያንገበገበኝ ግን የለም።

ኔቬና የአፈር ተመራማሪ ናት። በወጣትነቷ፣ መሣሪያ መግዣ በጠፋበት ዘመን፣ አፈር ውስጥ ያለውን ሸክላ በቃሪያ ማስቀመጫ ጠርሙስ የሚለኩበት ዘዴ አወጣችና አራት ገጽ ጻፈች። አራት ገጽ ብቻ! የጥንት ገል የሚያጠኑት ጠቀሷት፣ የማዕድን ቆፋሪዎችን ሳንባ የሚመረምሩ ሐኪሞች ጠቀሷት፤ ተደምሮ ከሺህ በላይ ነው። ደንቡ ግን ፕሮፌሰር ለመሆን በራስ መስክ ሃምሳ ጊዜ መጠቀስ ያስፈልጋል ይላል። የሌላ መስክ አይቆጠርም። የአፈሩን ቆጠርኩ፣ አርባ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው አርባ ዘጠኝ።

በመስከረም ስድሳ አምስት ይሞላታል። ፕሮፌሰር ካልሆነች ጡረታ ትወጣለች፤ ዕድሜዋን የፈጀችበት ላብራቶሪም ለሌላ ክፍል ይሰጣል።

ይበልጥ ያበገነኝ የአፈር ሰዎቹ ሁሉ በእሷ ዘዴ መሥራታቸው ነው። «በተለመደው የጠርሙስ ዘዴ ለካን» ብለው ያልፋሉ። አንዱ ኦግንያን ነው፤ የትናንት ተማሪዋ፣ የዛሬው የእድገት ኮሚሽን ሰብሳቢ። መተላለፊያው ላይ ያዝኩት።

«ስማ፣ ስድስት ጽሑፍህ ውስጥ ዘዴዋ አለ፤ ስሟ የለም።»

«እትዬ ስታንካ ደግሞ! አሁን እሱን ማን ይጠቅሳል? ሁሉም የሚያውቀው እኮ ነው። እርስዎ ውሃ ሲያፈሉ ማንን ይጠቅሳሉ?»

«ያስተማረችኝን እናቴን» አልኩት። ስቆ ሄደ።

በመጋቢት አንድ የውጭ ጆርናል ለኔቬና የሚገመገም ጽሑፍ ላከላት። የጸሐፊው ስም ተሸፍኗል፤ የእሷም ስም ለጸሐፊው አይነገርም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጣ ሁለት ገጽ እንዳነበበች ፈገግ አለች።

«የኦግንያን ነው። አጻጻፉን እኔ አይደለሁ ያረምኩት?»

ጠርሙሱ እዚያም አለ፤ ስሟ አሁንም የለም። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

«በይ ጻፊ! "የትሪፎኖቫን ጽሑፍ ጥቀስ" በይው። ገምጋሚ ካዘዘው ሳይወድ በግዱ ይጠቅሳል። ለመታተም ተቀባይነት ካገኘ ደግሞ ሳይወጣም ይቆጠራል፤ ሃምሳ ሞላልሽ!»

«ራሴን ጥቀሱኝ ብዬ?»

«ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

«ነውር ነው እያልኩ ሰላሳ ዓመት አስተምሬ?»

«ነውሩማ የእሱ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ምን ዓይነት ግትር ነሽ?»

«ስታንካ፣ ተይኝ በቃ።»

ሦስት ገጽ አስተያየት ጻፈችለት። አፈሩ ኖራ ስለሚበዛበት ጠርሙሱን ሁለት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ማቆየት ነበረበት፤ ልኬቱን ሁሉ እንደገና እንዲሠራ መከረችው። ስለ ራሷ አንዲት ቃል የለችበትም። ተናድጄ ሦስት ቀን አላነጋገርኳትም።

በግንቦት መጨረሻ ኮሚሽኑ ፋይሏን ዘጋ። አንድ ጎድሏል ተባለ። ኦግንያን ፈረመ። «ደንብ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የእሱ ጽሑፍ ወጣ። እኛ ዘንድ ጽሑፍ የወጣለት ሰው ቸኮሌት ይዞ በየክፍሉ ይዞራል፤ ኦግንያንም ሳጥኑን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ኔቬና ላብራቶሪዋን እየለቀቀች ስለነበር የተዋሰቻቸውን መጽሐፎች ልትመልስ እዚያው ቆማለች።

«ይውሰዱ እንጂ መምህር» አላት። «አንድ ስሙን የማላውቀው ገምጋሚ ባይደርስልኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ስድስት ሰዓት ጠብቅ አለኝ፤ ልኬቴ ሁሉ ተስተካከለ። የጽሑፉ መጨረሻ ላይ አመስግኜዋለሁ። ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ እጁን እስም ነበር።»

ኔቬና ቸኮሌት ልታነሳ እጇን ሰድዳለች። በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። እኔ ግን አልቻልኩም።

«ሳመው እንግዲህ» አልኩት። «እጁ ሳጥንህ ውስጥ ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ኔቬና አንድ ቸኮሌት አነሳች፣ ወረቀቱን ልጣ አፏ ውስጥ ከተተችና መጽሐፎቹን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻቸው።

«በይ ቁጠሪልኝ» አለች፣ «እንዳይጎድል።»