ኢንጂነሩ ያላሳየኝ ጉድጓድ

ባለፈው እሑድ ሰርግ ላይ ጎረቤቴ ኢንጂነሩ ወደ እኔ እየጠቆመ ያን ወሬ ደገመው። «ሲስተርን እኮ ከታክሲ ጎማ ሥር ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ!» ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጥሬ ሥጋዬን ቆረጥኩ። አሁን ግን ዝምታው ሰልችቶኛል።

የኮሮና ወረርሽኝ የገባ ዓመት፣ በጆሃንስበርግ ክረምት ነው። እዚህ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ደርቆ የሚነጣበት፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ ከአሌክሳንድራ ሰፈር እየመጣ ጉሮሮ የሚከረክርበት ብርድ ነው። ነርስ ስለሆንኩ ቤትሽ ተቀመጪ የሚለኝ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ መታጨቁን ፈርቼ ብስክሌት ገዛሁ። ጉልበቴ የልጅ ጉልበት የነበረበት የመጨረሻው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ጠዋት ጠዋት ወደ መሃል ከተማ በብስክሌት የሚወርዱ ሠራተኞች ነበሩ። ማንም ሳይጋብዘኝ ኋላቸው ገባሁ። ሁላችንም አፋችንን ሸፍነናል፤ የሚያወራ የለም። የፊተኛው ጉድጓድ ካየ ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬቱን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ያሳያል፤ እንዲህ እየተባለ ጭራ ድረስ ይደርሳል። ታክሲ ሊገባብን ሲል ደግሞ የፊተኛው ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሾፌሩ ጣቱን ከመሪው ካነሳ እናልፋለን፤ ካላነሳ እንቆማለን። ፊት የሚሄደው ባባ የምንለው ሽማግሌ ነበር፤ እየዋለ ሲያድር የእኔ ቦታ ከእሱ ኋላ ሆነ።

ጎረቤቴ ኢንጂነሩ ይህን ከእኔ ሰምቶ አንድ ጠዋት መጣና በባባና በእኔ መሃል ገባ። በግራ እጁ ስልክ ይዞ ራሱን ይቀርጻል።

«ኢንጂነር፣ ስልኩን አስቀምጥ።»

«አይዞሽ ሲስተር፣ በአንድ እጅ እየነዳሁ ነው ያደግኩት!»

ባባ ወደ መሬት አመለከተ። ኢንጂነሩ ጉድጓዱን ሸሸት ብሎ አለፈ፤ ለእኔ ግን አላሳየኝም። ገባሁበትና አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ። ከኋላ የመጣ ታክሲ ራሴ አጠገብ ፍሬን ያዘ። ባባ ብስክሌቱን ጥሎ ሮጠ፣ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ «ማማ፣ እጅሽን» አለኝ። ከዚያ በፊት ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኢንጂነሩ የደረሰው ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

የተሰበረው ክንዴ ድኖ ስመለስ ባባ ዝግ ብሎ ከኋላው ቦታ ተወልኝ። ኢንጂነሩም ሊገባ ሞከረ። ማንም አልሰደበውም፤ ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው ዘጉት። ወደ ጭራ ሄደ፤ ከፊቱ ያለው እጁን አልዘረጋለትም። በሳምንቱ ብስክሌቱን ሸጠ። «መንገዱ ለሰው አይሆንም» ብሎ አወራ።

ባባ በሁለተኛው ማዕበል ጊዜ ከመንገዱ ጠፋ፤ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ክንዴ ብርድ ሲመጣ ያመኛል፤ እሱን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት፣ ይዤው የተነሳሁት የባባ እጅ በየድግሱ የኢንጂነሩ እጅ መባሉን ነው።