ቀልጦም የማይፈስ ሰም

አበዛሽ ኤርጎ ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ቶሎ የሚነጉድ ሰው ናት። ማር ነጋዴው አባቷ ጂንካ ላይ ሰም አቅልጦ በጣሳ ሲያስቀምጥ፣ እሷ ጣሳውን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፍና ፍዝዝ ትላለች። ሌላው ነገር ሁሉ ከእሳት ከወረደ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ሰም ግን መርጋት ሲጀምር ሙቀቱ ባለበት ይቆማል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትረጋ ያንኑ ሙቀት ቀስ እያለ ይሰጣል። ደንበኞቹ «ይቺ ልጅ ሰም ልታገባ ነው» እያሉ ያሾፉባት ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ሦስቴ ተጠርታ አንዴ እንኳ አትሰማም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያ የጣሳው ነገር ጥናት እንዳለው ስታውቅ ሌላ አላማራትም። ተምራ መምህርት ከሆነች በኋላ አንድ ሐሳብ ያዛት፤ መብራት የማይፈልግ፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚሞቅበት ትንሽ ፍራሽ መሥራት። በሰው ገላ ሙቀት የሚረጋ ለስላሳ ሰም አገኘች። ሥራውን ስታቀርብ ግን ባልደረቦቿ ሳቁ። «ደቡብ ኦሞ ላይ ደግሞ ማን በርዶት ያውቃል?» አሏት። ሳቂዎቹ ቆላውን ኦሞራቴን እንጂ የአሪን ደጋ ክረምት አያውቁትም። እዚያ ጭጋግ ቤት ድረስ ይገባል፤ በጊዜው ላልደረሰ ጨቅላ ደግሞ ብርድ እንደ በሽታ ነው።

መጀመሪያ ሰሙን በላስቲክ ከረጢት አሽጋ፣ ቆላ ዲመካ ለምትሠራ ቲቲ ለምትባል አዋላጅ ልታሳይ ሚኒባስ ተሳፈረች። በጂንካ ቀዝቃዛ አየር ሆኖ ያሰበ ሰው ስህተት ሠራች። በጠዋቱ ብርድ ድርቅ ብሎ የነበረው ሰም ቆላው ሲጀምር ቀለጠ፣ ላስቲኩን አልፎ አብሯት የተሳፈረው ሶፊያን የተባለ የዘይት ነጋዴ ከዘይቱ ጋር የጫነው ስኳር ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸ ሶፊያን፤ «የእኔ ዘይት ስንት አገር አቋርጦ ሲመጣ ጠብ አይልም፤ ያንቺ ሰም ከጂንካ ዲመካ አይደርስም?»

«ይቅርታ ጋሽ ሶፊያን» አለች። ዐይኗ ግን ከእግሩ ሥር ያለው ቢጫ ጀሪካን ላይ ቀርቷል። ሰውየው መንገዱን ሙሉ ተቆጣ፤ እሷ ግን አንዱንም አልሰማችም።

ተመልሳ ባዶ ጀሪካን ከትፋ ከሰሙ ጋር አብራ አቀለጠች። ብዙ ጊዜ ተበላሸባት፤ አንዴ አቃጠለችው፣ አንዴ እንደ ጫማ ሶል ደረቀባት። በመጨረሻ ሆነላት። የማር እንጀራ ማሩን እንደሚይዝ፣ የጀሪካኑ ፕላስቲክ ሰሙን በውስጡ ያዘው። ሰሙ ይቀልጣል፣ ግን አይፈስም። ጥናቷ ሲታተም ከሩቅ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ለቤት ጣሪያና ለመድኃኒት ሣጥን እንሞክረው ብለው ጻፉላት። ደስ አላት። ሆኖም ሕፃን ተኝቶበት አያውቅም ነበር።

በዚያው ክረምት እህቷ ዮዲት ደጋ ላይ ባለው የእናታቸው ቤት ሳለች ምጥ ያለጊዜው መጣባት። ልጁ መዳፍ የሚያህል ሆኖ ተወለደ። ወንዙ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም። ዮዲት ትኩሳት ይዟት ስለምትንቀጠቀጥ፣ ሕፃኑን እናቷ ወይዘሮ አለምነሽ ደረታቸው ላይ አድርገውት ዋሉ። ክንዳቸው ዝሏል።

ለክረምቱ እዚያው የነበረችው አበዛሽ ፍራሿን በፍል ውኃ አሙቃ፣ ሙቀቱን በክንዷ ለክታ፣ ጨርቅ አልብሳ አመጣች።

«እማዬ፣ ስጪኝ ላስተኛው።»

«ጀሪካን ላይ? የልጅ ልጄን?»

«ደክሞሻል እኮ።»

«ቢደክመኝስ! እኔ እናት ነኝ፣ ይሄ ዕቃ ነው!»

ግን ክንዳቸው እምቢ አለ። ሕፃኑን አስተኝተው መዳፋቸውን ከሥሩ ሰደዱና ተቀመጡ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭጋጉ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፣ ቤቱ ሁሉ ደመና ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስላል። እናትየው ፍራሹ የሚበርድበትን ይጠብቃሉ፤ ሙቀቱ ግን ወይ ፍንክች። ብዙ ቆይተው እጃቸውን አወጡ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ላሟን ሊያልቡ ወጡ።

አበዛሽ ከልጁ ጋር ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የያዛት። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ልኬት፣ አሁን ይቺ ሚጢጢ ትንፋሽ ተኝታበታለች። ብሳሳትስ? እጇን እናቷ ባወጡበት ቦታ ቀስ ብላ ሰደደች።

ወይዘሮ አለምነሽ ሲመለሱ እጇን እዚያው አገኙት።

«አንቺም አላመንሽውም?»

«አላመንኩትም እማዬ» አለችና እንባዋ መጣ።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ፤ ከንፈሩን መጠጥ መጠጥ አደረገና በቀጭን ድምፅ ተቆጣ። ዮዲት ከአልጋዋ በክርኗ ተነሣች።

«ራበው!» አለች፤ «አምጡልኝ፣ ልጄን ራበው!»