ሳይቀዳ ያየ ካሜራ

የካሜራ ሠራተኛ ነኝ ስል ሰው ፊልም የምሠራ ይመስለዋል። የት አባቴ! መሰላል ተሸክሜ ከመጋዘን መጋዘን፣ ከሕንፃ ሕንፃ የምዞር፣ የጥበቃ ካሜራ ላይ የተጋገረ አቧራና የሸረሪት ድር የምጠርግ ሰው ነኝ። ሥራው ሳይበላሽ በፊት ማየት፣ ሲበላሽ ደግሞ መጠገን ነው። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ሳይበላሽ በፊት የሚያይ ባለሙያ ብዙም አላጋጠመኝም፤ እኔንም ጨምሮ።

ከዘነበወርቅ ወደ ቆሼ ሲኬድ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን አለ። በወር አንዴ እሄዳለሁ። ስምንት ካሜራ አለው፤ ምስሉን የሚቀዳው ማሽን ደግሞ ከደረጃው ሥር ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። በወጉ ከተሠራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ በሃያ ደቂቃ እጨርሰው ነበር። ስክሪኑን አያለሁ፤ ስምንቱም ምስል ካለ፣ «ቀረጻ ይሠራል» ከሚለው ጎን ምልክት አድርጌ እፈርማለሁ። የተቀዳውን ወደ ኋላ መልሶ ማየትማ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀራንዮ ሰፈር ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ገና ታክሲ ውስጥ ሆኖ ምልክቱን የሚጨርስም ነበር።

የመጋዘኑ ጥበቃ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ «አባባ፣ ይሄን ማሽን ከአቧራ ይጠብቁልኝ» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! በሚቀጥለው ወር ስመጣ ማሽኑ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ ተነጥፎለት ጠበቀኝ። ዳንቴሉን ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ነው።

«ለቴሌቪዥናችን ነበር የሠራችው» አሉኝ። «የኛስ ያረጀ ነው፣ እሱ ይልበሰው ብላ ላከችው።»

ማሽኑ የሚተነፍሰው በጎኑና በሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። መሸፈን የለበትም፤ ይሄን የማያውቅ የኛ ሰው የለም። ግን የሽማግሌው ፊት እንደዚያ በርቶ እያየሁ እንዴት ብዬ ልግፈፈው? «ጥሩ አድርገዋል» አልኩና ወጣሁ።

ከዚያ በሌላው ወር ደግሞ ገና ከበር ሲያዩኝ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጲጵ ጲጵ እያለ አስቸገረኝ እኮ» አሉ። ማሽኑ እንደዚያ የሚጮኸው ሲያመው ነው። ብዙ ጊዜ ምስሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ነው የሚታመመው። የዚያን ቀን ጠዋት ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ ነገር ዓለሙ አስጠልቶኛል። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና የማስጠንቀቂያ ድምፁን ዘጋሁት። ጸጥ አለ። «እግዜር ይስጥህ፣ አዳንከው!» ብለው መረቁኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን አልኩ፣ ፈረምኩ፣ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሁለቱንም ጊዜ ፈረምኩ። በሦስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለመጋዘኗ ደወለችልኝ። ስድስት የውሃ ፓምፕ ጠፍቷል። ዕቃ ሲቆጠር ነው የታወቀው፤ መቼ እንደወጣ ማንም አያውቅም። «ናና ቪዲዮውን አውጣልኝ» አለች።

ግቢው ውስጥ እንደገባሁ ትልቁ የብረት በር ከኋላዬ ተዘጋ። ቁልፉን ራሷ ቆለፈችና ኪሷ ከተተችው።

«ሌባው እስኪታይ ከዚህ ግቢ ማንም አይወጣም!» አለች።

የመጋዘኑ ሻጮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሽማግሌው ግን እኔን ሲያዩ ሊያቅፉኝ ምንም አልቀራቸውም።

«እንኳን መጣህልኝ ልጄ! የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ እጅ ስለሆነ እኔን ጠረጠረችኝ። ፖሊስ ልጠራ ነው ትላለች። በል ቶሎ አውጣው፤ እሱ ሁሉንም አይቷል።»

ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ለአንድ ሰው እንኳ አትበቃም። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለመጋዘኗ ከራስጌዬ፣ እሳቸው ደግሞ በሩን ሞልተው ቆሙ። ዳንቴሉን ገለጥኩት። ማሽኑ እንደ ካውያ ይግላል። የተቀዳው የሚታይበትን ገጽ ከፈትኩ። የትናንቱ ባዶ ነው። የሳምንቱ ባዶ ነው። ወሩን ብል፣ ከወሩ በፊት ያለውን ብል፣ ባዶ! ዲስክ የሚባል ነገር የለም ይላል። ያም ሆኖ ስክሪኑ ላይ ስምንቱም ካሜራ ግቢውን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ የተቆለፈውን በር ጭምር።

«ትንሽ ታገሡኝ፣ እየፈለገ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። ምን ይፈልጋል! አጠፋሁት፣ አበራሁት። ገመድ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። እነሱ ምን ያውቃሉ? አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንደዚያ ተጫወትኩባቸው። ከውጭ ነፋስ ሲነሳ የቆሼ ቆሻሻ ሽታ ይገባል፤ ሲተኛ ደግሞ የሦስታችን ትንፋሽ ያፍናል። ላብ አጠመቀኝ። ሽንት ቤት ልሂድ ብል እንኳ ሁለቱን ገፍትሬ ማለፍ አለብኝ። ባወራ ሥራዬ አለቀለት፤ «ይሠራል» ብዬ የፈረምኩባቸው ወረቀቶች መሳቢያዋ ውስጥ ናቸው። ባላወራ እኝህ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሊያድሩ ነው። እሳቸው ደግሞ ከኋላዬ ሆነው «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ፈልግ» ይሉኛል። ኤጭ! ምናለ ዝም ቢሉ እያልኩ በሆዴ ተናደድኩባቸው።

«ምንድነው የሆነው?» አለች ባለመጋዘኗ በመጨረሻ።

«ዲስኩ ተቃጥሏል።»

«በምን?»

ዓይኔ ዳንቴሉ ላይ አረፈ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። «በሙቀት ነው፤ ታፍኖ» አልኩ። እውነት ነው እኮ! ማንም መጥቶ ቢያየው እንደዚያው ነበር የሚለው።

«ማን ነው የሸፈነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳያቅማሙ።

«አሃ! ሆን ብለህ ነዋ!» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ስትላቸው ነበር። «መጀመሪያ ካሜራውን አፍነህ ገደልከው፣ ከዚያ ፓምፑን አወጣህ!» ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ መደወል ጀመረች።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እሷን አይደለም፤ እኔን ነው። ፊቴን ወደ ስክሪኑ መለስኩ። የተጨነቅኩ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ጭራሽ ለኔ ይከራከሩልኝ ጀመር።

«እሱ እንኳ ምንም ጥፋት የለበትም። ወር ሳያጎድል ይመጣል። ያኔ ሲጮህ ጊዜ ነግሬው ወዲያው ነው ያዳነው።»

«ሲጮህ?» አለች፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ። «ምኑ ነው የሚጮኸው?»

ያሳጡኝ ሊያድኑኝ ሲሉ ነው። ያ ነው አንጀቴን የበላው። «እትዬ፣ ስልኩን ይዝጉት» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ጩኸቱ የዲስኩ ጣር እንደነበረ፣ እኔ ሳልመረምር ድምፁን እንደዘጋሁት፣ ከአቧራ ይጠብቁ ያልኩት እኔው እንደሆንኩ፣ ዳንቴሉን አይቼ ጥሩ ነው እንዳልኩ፣ ወረቀቱ ላይም ሳላይ እንደፈረምኩ፣ ሁሉንም አፈረጥኩት።

ከዚያ በኋላ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። የት! ባለመጋዘኗ ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲያው ካሜራው ምንም አልቀዳም» አለች።

«አልቀዳም።»

«ታዲያ እሳቸው አለመውሰዳቸውን በምን አውቃለሁ?»

ይሄን የሚነግራት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ገድየዋለሁ። ጥፋቴን መናገሬ እኔን አጋለጠኝ እንጂ እሳቸውን ነፃ አላወጣቸውም።

ፖሊሱን ተወችው። የመጋዘኑን ቁልፍ ግን ተቀበለቻቸውና «ከነገ ጀምሮ አይምጡ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣም አልነበረበት። እኔም በማግስቱ ተባረርኩ። እሱስ ግዴለም፣ በወሩ ሌላ ቦታ ያው ሥራ አገኘሁ። ፓምፖቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዚያን ቀን በሩ ሲከፈት ሻጮቹ ተሽቀዳድመው ወጡ። እኔ ግን ወደ ኋላ ቀረሁ። ሽማግሌው ከጥበቃ ቤታቸው ካፖርታቸውን፣ ባትሪያቸውን፣ ምሳ ዕቃቸውን እያወጡ ፌስታል ውስጥ ሲከቱ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሳቸው ግን ፌስታሉን ቋጥረው ቀና አሉና ትክ ብለው አዩኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ስጠብቅ፣ አንድ ቀን ሌባ ቢሉኝ ማን ይመሰክርልኛል እያልኩ እሰጋ ነበር» አሉኝ። «መስጋት የተውኩት እናንተ መጥታችሁ ካሜራውን ስትሰቅሉ ነው።»