ዝይዎች የሚለውን ይመልከቱ

ዶሪን ሃውስማን ኢንዲያና ውስጥ ባለችው በኬለር ቤንድ ከተማ አምስተኛ ክፍልን ሃያ ስድስት ዓመት ስታስተምር፣ አንድም መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አስነብባ አታውቅም። ይህን የሚላት ሰው ቢገኝ ትቀየማለች። የሷ ሥራ መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ ማስተማር ነው፤ ማንበቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ርዕሱ የት እንዳለ፣ ንዑስ ርዕሱ ለምን እንደሚያንስ፣ የደመቀው ቃል ትርጉሙ ከኋላ ሙዳየ ቃላቱ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ካርታው ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ምን እንደምትናገር ተማሪዎቿ ተኝተውም ይመልሱታል። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምዕራፍ ብትጠይቋቸው ሦስት ፎቶ፣ ሁለት ካርታና አንድ የጊዜ መስመር እንዳለው ይነግሯችኋል። ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ግን እርግጠኛ አይደሉም።

የክፍሏ ግድግዳ ላይ በገዛ እጇ የጻፈችውና በላስቲክ ያስለበጠችው ትልቅ ወረቀት ተሰቅሏል። አራት ርዕሳነ መምህራን መጥተው ሄደዋል፤ የኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፉ አምስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ወረቀቱን የነካው የለም። «የፎቶ መግለጫ፦ ፎቶው ላይ የሚታየውን፣ ዋናው ጽሑፍ ግን ያልነገረንን ይነግረናል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «መጠቁም፦ ከመጽሐፉ መጨረሻ በፊደል ተራ ይቀመጣል፤ የምንፈልገው ነገር የት ገጽ እንዳለ ይጠቁመናል» ይላል። ዶሪን መጠቁምን ከባሏ አስበልጣ ባትወድ እንኳ ከባሏ ይልቅ ታምነዋለች።

ባሏ ሎይድ ሃውስማን የኮንክሪት ሥራ ድርጅት አለው። በከተማዋ ያለው የእግረኛ መንገድ ግማሹ የሱ ነው፤ የሚያደናቅፈው ግማሽ። አንድ ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ዕቃ በሙሉ በፊደል ተራ ጽፋ ከነመደርደሪያው ቁጥር በሩ ላይ ለጠፈችለት። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሎይድ እስከ ዛሬ ድረስ ጋራዡ መሃል ቆሞ «ዶሪን፣ ስክሩ የት ነው?» እያለ ይጣራል፤ እሷም ከወጥ ቤት ሆና ትነግረዋለች።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታ ልትወጣ ነበር። ስለ ጡረታዋ ስታስብ አንድ ነገር ያንገበግባታል። ስድስት መቶ ያህል ልጅ አስተምራለች፤ ከነዚህ ሁሉ መሃል አድጎ መጠቁም ሲያገላብጥ ያየችው አንድም ሰው የለም። ያስተማረችውን የሚጠቀምበት አንድ ሰው ሳታይ እንዳትወጣ ትፈራ ነበር።

ከተማዋ መቶ ሃምሳ ዓመት ልትደፍን ስትል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም መጽሐፍ ሊያሳትም ቆረጠ። ሰብሳቢው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ክሬግ ኦተርማን ነበር። ጽሑፉን ራሱ ጻፈው። ክሬግ ሲጽፍ በኬለር ቤንድ የተዘጋ ፋብሪካ የለም፣ የተጣላ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ወንዙም ከዳር ወጥቶ አያውቅም። መጋቢት ላይ ወረቀቶቹንና የፎቶዎቹን ሳጥን ይዞ ወደ ዶሪን ክፍል መጣ።

«ጽሑፉ አልቋል» አላት። «ልጆችሽ ያንን የአንቺን ነገር ይሥሩልን። መግለጫ፣ ኋላ የሚገባው ዝርዝር፣ ምናምን።»

«መጠቁም» አለች ዶሪን። በደስታ ድምጿ ቀጭኖ ነበር።

«እሱን።»

ፎቶዎቹ ለልጆቹ ተከፋፈሉ። ገጽ 41 ላይ የሚገባው ለዴላኒ ፕሩት ደረሳት። ዴላኒ ረጋ ያለች፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ የታሰረላት ልጅ ናት፤ ያለባት ችግር የታዘዘችውን በሙሉ ማድረጓ ነው። ፎቶው የከተማዋ መዋኛ ገንዳ ሲመረቅ የተነሣ ነበር፤ ሰዎች ትልቅ መቀስ ይዘው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። የክሬግ ጽሑፍ «ገንዳችን በታላቅ ደስታ ተመረቀ» ብሎ ወደ በቆሎው ትርኢት ይሻገራል። ዴላኒ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነበበች፤ ከዚያ ፎቶውን ይዛ ሳምንቱን ሙሉ የሰው በር ስታንኳኳ ሰነበተች።

ዓርብ ዕለት ተነሥታ አነበበች። «ከግራ ወደ ቀኝ፦ ከንቲባው፣ ሚስተር ኦተርማን፣ ሚስተር ሎይድ ሃውስማን። ሚስተር ሃውስማን ያፈሰሰው ኮንክሪት ገና ከምረቃው በፊት ተሰነጠቀ። ማንም ዋኝቶበት አያውቅም። አሁን ዝይዎች ይኖሩበታል።»

ኋላ ያሉት ልጆች የመምህራቸውን ፊት ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?» አለች ዶሪን።

«የጠየቅኩት ሰው ሁሉ። እርስዎ አያውቁም ነበር እንዴ፣ ሚስስ ሃውስማን?»

ታውቃለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ስትነዳ ገንዳው ፊት ላለማለፍ በጎተራው በኩል ትዞራለች። ለልጆቹ ይህን አልተናገረችም። «ሰዎች በሰው ስም ላይ የሚያወሩትን ሁሉ መጻፍ የለብሽም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ዴላኒ ግን ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀስራ ነበር።

«ፎቶው ላይ ይታያል፤ ስንጥቁ ይኸው። ጽሑፉ ደግሞ አልነገረንም።»

ዶሪን ወረቀቱን አየች፤ ልጅቷን አየች። ሙሉ ማርክ ሰጠቻት። ሌላ ማርክ የምትሰጥበት ምክንያት ግድግዳው ላይ አልተጻፈም።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ክሬግ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባ።

«ዶሪን፣ ምን ነክቶሻል? የገዛ ባልሽን?»

«ልጅቷ መመሪያውን ነው የተከተለችው።»

«የምን መመሪያ? መጽሐፍ እኮ ነው የምናሳትመው፣ የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም። መግለጫዎቹ በሙሉ ከመጽሐፉ ይውጡ። ፎቶው ለራሱ ይናገራል።» ወረቀቶቹን እያገላበጠ መጨረሻ ላይ ደረሰ። «ይሄስ?»

«መጠቁሙ ነው። ገና አላለቀም።»

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም» አለች ዶሪን።

«እንግዲያው እሱ ይግባላቸው፤ ልጆቹም ቅር አይበላቸው። አርመሽ ቅዳሜ ላኪልኝ።»

ዶሪን እሺ አለች። ይህች ሴት ለአለቃ እሺ ሳትል የቀረችበት ቀን የለም። በማግሥቱ ልጆቹን ሰብስባ መግለጫዎቹ የቀሩት ቦታ ስላልበቃ ነው አለቻቸው።

ዴላኒ እጇን አወጣች። «ፎቶው ሥር እኮ ነጭ ቦታ አለ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አለች ዶሪን፤ ከዚያም ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ማስረዳት ጀመረች። በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማር ሥራዋ እንደዚያ ቀን ያፈረችበት ጊዜ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ እስክሪብቶና የልጆቹን መጠቁም ይዛ ተቀመጠች። ዴላኒ የሠራችው ክፍል በንጹሕ ጽሕፈት ተጽፏል። «መዋኛ ገንዳ፦ ዝይዎች የሚለውን ይመልከቱ።» ዶሪን ወደ ዝይዎች ሄደች። «ዝይዎች፦ ገጽ 41። በተጨማሪ ሃውስማን፣ ሎይድ የሚለውን ይመልከቱ።» ወደ ባሏ ሄደች። «ሃውስማን፣ ሎይድ፦ ኮንክሪት፣ የተሰነጠቀ የሚለውን ይመልከቱ።» ኦተርማን፣ ክሬግም ወደ ዝይዎቹ ተልኳል። ሥራው እንከን አልነበረውም። የፊደል ተራው ልክ፣ የገጹ ቁጥር ልክ፣ መላላኩም ልክ ነው።

ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተች። ጥቂት ጭረት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ቤቷ ሰላም ይሆናል፤ ክሬግም የጡረታ ኬኳን በስሟ ያሠራላታል።

«ዶሪን!» አለ ሎይድ ከጋራዡ። «ሜትሩ የት ነው?»

«በሩ ላይ ተጽፏል።»

«መነጽሬን አላደረግኩም። ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ሦስተኛው መደርደሪያ» አለች ዶሪን። የእስክሪብቶውን ክዳን መልሳ ገጠመች። ከዚያ አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ታያት፤ መምህር ናትና የጎደለ አትተውም። እርሳስ አምጥታ አንዲት መስመር ጨመረችና ወረቀቱን ላከችው። ክሬግ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳይገልጥ ወደ ማተሚያ ቤት አሳለፈው።

ሰኔ ላይ በዓሉ ፓርኩ ውስጥ ተከበረ። የተጠበሰ በቆሎ ነበር፣ የእሳት አደጋ መኪና ነበር፣ መጽሐፉም በየጠረጴዛው ተከምሯል። ክሬግ ማይክ ይዞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ፤ የሰማው የለም። የኬለር ቤንድ ሰው መጽሐፉን ሲይዝ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ገለጠና የራሱን ስም ፈለገ።

ዶሪን ዛፍ ሥር ቆማ አየችው። ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የእርሻ መድኃኒት ሻጩ፣ ያስተማረቻቸውም ያላስተማረቻቸውም፣ ሁሉም ጣታቸውን በፊደል ተራ ላይ እያንሸራተቱ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ አንዱ ጠረጴዛ ጋ «ዝይዎቹን እይ፣ ዝይዎቹን!» የሚል ሰው ተሰማ፤ ሳቁም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዘለለ ሄደ። ክሬግ ማንበቡን አቁሞ የገዛ መጽሐፉን ከኋላ ገለጠ፤ ፊቱም አመድ መሰለ። ዴላኒ ብቻ ሳትስቅ በቆሎዋን ትግጣለች።

ሎይድ መነጽሩን አድርጎ መጣ። ሁለት ጣቶቹን በሁለት ገጾች መሃል ከትቷል።

«እኔን ኮንክሪት ጋ ላከኝ። ኮንክሪት ጋ ስሄድ ገጽ 41 አለኝ። 41 ላይ ምንም የለም፣ ፎቶ ብቻ ነው።»

«ፎቶውን ደኅና አድርገህ እየው።»

ረዘም ላለ ጊዜ አየው። አንገቱ ቀላ። «ይቺ ልጅ አድጋ ሰው ታስለቅሳለች። አንቺስ እንዴት አሳለፍሽው?» አለና መልሶ ወደ ኋላ ገለጠ። ያን ጊዜ ከራሱ ስም አጠገብ ያለችውን መስመር አያት። ጮክ ብሎ አነበባት። «ሃውስማን፣ ዶሪን፦ እያወቀች ዘጠኝ ዓመት ዝም አለች፣ ገጽ 41።»

«ይሄንንም እሷ ናት የጻፈችው?»

«አይ» አለች ዶሪን። «ይሄኛው የኔ ነው።»

ሎይድ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገራትም። ስክሩንም፣ ሜትሩንም፣ የመዶሻውን እጀታም ከጋራዡ በር ላይ እያነበበ አገኘ።