ሸማኔው ያቀኗቸው ጎማዎች

ስለ ጣሊያን ዘመን ሲወራ ያልሸፈተ፣ ቢያንስ ለሸፈተ ስንቅ ያላቀበለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ያን ሁሉ መኪና ማን ሲነዳው እንደኖረ እንጃ። እኔ ግን ነድቻለሁ። ኮልፌ ወፍጮ ለነበረው ጣሊያናዊ በአሮጌ የጭነት መኪና እህል አመላልስ ነበር። ከዚያ ዘመን ይዤ የወጣሁት ጀብዱ ሳይሆን የአንድ ሸማኔ ውለታ ነው።

የመኪናዋ የፊት ጎማዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ በውስጠኛው ጎናቸው ብቻ ተልጠው አለቁ። የኋላዎቹን ወደ ፊት ባዛውራቸው እነሱም በዚያው ጎን ይበሉ ጀመር። ያኔ ጎማ ከሰው ይከበር ነበር።

«ሆን ብለህ ትሞርዳቸዋለህ» አለኝ ጣሊያኑ በተሰባበረ አማርኛው። «ለሽፍቶቹ ነው የምትሠራው። እነዚህም ካለቁ ለካራቢኜሪ አስረክብሃለሁ።»

ካራቢኜሪ በሚሏቸው የጣሊያን ፖሊሶች እጅ የገባ ሰው መቼ ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ አልነበረም።

ቀራንዮ መንገድ ዳር፣ ከደቡብ ምዕራብ አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ በር ላይ መኪናዋን አቁሜ ስማረር፣ ከሸማ ጉድጓዳቸው ወጥተው መጡ። ጎማውን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ዳበሱት።

«ወደ ውጭ ይለሰልሳል፤ ሲመለስ እንደ መጋዝ ይነክሳል። ልጄ፣ ይህ ጎማ በጎኑ እየተፋቀ ነው የሚሄደው።»

«አባባ፣ እኔ ስለ መኪና መጽሐፍ አንብቤአለሁ።»

«አይቼሃለሁ። መሪው ላይ ዘርግተህ ስታነብ አይደል እዚያ ድንጋይ ላይ የወጣኸው?»

ያየኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ የድር ክር ወጠሩ። ክሩ የፊቱን ጎማ በፊተኛው ጠርዙ ነክቶ በኋለኛው ሁለት ጣት ክፍተት ተወ። በወዲያኛውም በኩል እንዲሁ። ጎማዎቹ እንደ ዳክዬ እግር ወደ ውጭ ተከፍተዋል። ከሥር ብገባ ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግ ድንጋዩ መትቶት ጎብጧል፤ ሲጎብጥ አጥሮ የጎማዎቹን ኋላ ወደ መሃል ስቧል።

ዘንጉን ፈትቼ ግንድ ላይ በመዶሻ አቀናሁት። መልሼ ሳስረው ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም እኩል አራራቅኋቸው። ሸማኔው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከፊት ትንሽ ይጥበብ።»

«ትክክሉ እኩል ነው።»

«ቆማ ሳለች ነዋ! ስትሄድ መንገዱ ይገፋታል፤ ያረጀ መጋጠሚያ ይላላል። እኔ ድር ስወጥር ሥራው የሚስበውን አስቀድሜ እተውለታለሁ።»

ክርክር ስለምወድ እንዳልኩት ነዳኋት። መሪው እንደ ሰካራም ሲዋልልብኝ ብዙ ሳልርቅ ተመለስኩ።

«እስቲ መጽሐፉን ጠይቀው» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

የዘንጉን ጫፍ አዙሬ ጥቂት አስረዘምኩት፤ ጎማዎቹ ከፊት ግማሽ ጣት በማይሞላ ጠበቡ። መኪናዋም ቀጥ ብላ ሄደች።

ከወር በኋላ ጣሊያኑ ተንበርክኮ ጎማዎቹን መረመረ። ምንም አላገኘም።

«በመጨረሻ መንዳት ተማርክ» አለ። «ያ የቀራንዮ መንገዱ ሸማኔም መንገዱ ነው የበላቸው ብሎኝ ነበር። አላመንኩትም።»

ለካ ጣሊያኑ በዚያ በር ሲያልፍ አስቀድሞ ጠይቋቸዋል። እያነበብኩ ድንጋዩ ላይ መውጣቴን እያወቁ ሸሽገው ነው ያዳኑኝ። በማግስቱ ሄጄ እጅ ነሳኋቸው።

«አባባ፣ ለእኔ ብለው ዋሹ?»

«ምን ዋሸሁ? ድንጋዩ የመንገዱ አይደለም እንዴ?»

እግራቸውን ልስም ስል በመወርወሪያቸው ገፉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ መጽሐፌ ይዘጋ ነበር፤ እሳቸውም ከጉድጓዳቸው ቀና ብለው መዘጋቱን ያዩ ነበር።